የጡብ ልክና የሰፈራ ቤት
በባሌ ደጋ ለሚሠራ ግድግዳ ትክክለኛውን የጡብ መጠን ስለ መምረጥ

መግቢያ

በድርቅ ወይም በግጭት ለተፈናቀለ ቤተሰብ ቤት ሊሠራ ሲታቀድ ቀድሞ የሚጠየቀው የቆርቆሮው ብዛትና የስሚንቶው ዋጋ ነው። የጡቡ መጠን ግን በአብዛኛው ሳይጠየቅ ያልፋል፤ በመጋዘን የተገኘው ፎርማ ወይም በአቅራቢያው ገበያ የሚሸጠው ብሎኬት ራሱ ይወስነዋል። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ጉዳይ ኋላ ላይ የስሚንቶውን ብዛት፣ የሠራተኛውን ድካም፣ የግድግዳውን ጽናት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ ከዝናብ በፊት ማለቁንና አለማለቁን የሚወስን ሆኖ ይገኛል። በየረድፉ እየተሰበረ የሚጣለው ቁራጭ፣ ጡቡ ሳይደርቅ የሚደርሰው የበልግ ዝናብ፣ በሸራ ሥር ተጨማሪ የዝናብ ወቅት የሚያሳልፈው ቤተሰብ፣ እነዚህ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ ተሰልተው ሊታወቁ የሚችሉ ችግሮች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሰፈራና የመልሶ ማቋቋም ሥራ የሚመሩ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች የጡብን መጠን እንዴት ሊመርጡ እንደሚገባቸው በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢያቸው ደጋ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ማስረዳት ነው። ዋናው አሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም የጡብ መጠን የሚመረጠው ከፎርማው ተነስቶ ወደ ግድግዳው በመሄድ ሳይሆን፣ ከግድግዳው ውፍረት፣ ከሠራተኛው እጅና ከደረቁ ወቅት ርዝመት ተነስቶ ወደ ፎርማው በመመለስ ነው።

1. የቦታው ሁኔታ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውና የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችው ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከጎባ በስተደቡብ የሳነቴ አምባ ይነሳል፤ በዚያም ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በሮቤና በሲናና ዙሪያ ያለው ሜዳ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ውርጭም ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ አገር ግድግዳ ዝናብን ከመከላከል ሌላ የቀኑን ሙቀት ለሌሊቱ የማቆየት ተግባርም አለበት።

ባሌ ለሰፈራ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሥራውን በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በባሌ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ከጦርነቱ በኋላ የገጠሩን ነዋሪ በአዳዲስ መንደሮች የማሰባሰቡ ሥራ በስፋት የተጀመረው በባሌ ሲሆን፣ በሌሎች ክፍላተ ሀገር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ደግሞ ከሐረርጌ ደጋዎች የተነሱ አባወራዎች በባሌ ዝቅተኛ ቦታዎች ሰፍረዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በመጓደላቸው የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ሲያጡ፣ በምሥራቅ ባሌ እንደ ዳዌ ቃቸን፣ ዳዌ ሰረርና ራይቱ ያሉት ቆላማ ወረዳዎች ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ።

በቀደሙት የመንደር ማሰባሰብ ዓመታት የተሠሩት ቤቶች በአብዛኛው በእንጨት ማገር ላይ ጭቃ የተመረገባቸው ናቸው። ይህ አሠራር ሕዝቡ የሚያውቀው ቢሆንም በአንድ ቦታ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የሚፈለገው እንጨት ከደኑ አቅም በላይ ይሆናል። የባሌ የጽድና የኮሶ ደን እንዳይመናመን ከተፈለገ ክብደቱን ራሱ የሚሸከም ከአፈር ጡብ የተገነባ ግድግዳ አማራጭ ሆኖ ይቀርባል። የመጠን ጥያቄ የሚነሳውም በዚሁ ጊዜ ነው።

2. የጡብ ልክ መሠረታዊ ደንብ

ጡብ ብቻውን አይለካም፤ ከመጋጠሚያው ጋር ይለካል። በሁለት ጡቦች መካከል የሚገባው ሞርታር አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጡቡ በግድግዳው ላይ የሚይዘው ቦታ ከራሱ መጠን በአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። በመሆኑም ጥሩ ጡብ የሚባለው ርዝመቱ የወርዱ እጥፍና አንድ መጋጠሚያ የሆነ ነው። ይህ ሲሟላ ሁለት ጡቦች በወርዳቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከአንድ ጡብ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ማዕዘኑም ሳይቆረጥ ይያያዛል።

በኢትዮጵያ የተለመደው ባለ 25 በ12 በ6 ሳንቲ ሜትር የተተኮሰ ሸክላ ጡብ ይህን ደንብ ይጠብቃል፤ 12 ሲደመር 1 ሲደመር 12 እኩል 25 ነውና። ሲንቫ ራም በሚባለው የእጅ መጭመቂያ የሚሠራው የአፈር ጡብም 29 በ14 በ9 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ደንቡን ይጠብቃል። ይህ መሣሪያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በሚገኘው የመኖሪያ ቤት ጥናት ማዕከል የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ነዋሪው በራሱ ጉልበት ቤቱን እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀና በብዙ ታዳጊ አገሮች የተሠራጨ ነው። የሲንቫ ራም ጡብ መጋጠሚያው ሲጨመርበት 30 በ15 በ10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለግንበኛም ለሒሳብ ሠራተኛም ከዚህ የቀለለ ልክ አይገኝም፤ አሥር ረድፍ አንድ ሜትር ከፍታ፣ አሥር ጡብ ሦስት ሜትር ርዝመት ይሰጣልና።

ከዚህ ቀጥሎ የቤቱ ፕላን ከጡቡ ልክ ጋር መስማማት አለበት። የግድግዳው የውጭ ርዝመት የልኩ ብዜት ሆኖ አንድ መጋጠሚያ ይቀነስበታል፤ የበርና የመስኮት ክፍተት ደግሞ የልኩ ብዜት ሆኖ አንድ መጋጠሚያ ይጨመርበታል። ይህ ካልተጠበቀ የሚደርሰውን ኪሳራ በምሳሌ ማየት ይቻላል። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የስሚንቶ ብሎኬት 6 ሜትር ግድግዳ ቢታቀድ፣ 14 ብሎኬት ከነመጋጠሚያው 5.73 ሜትር ብቻ ይሞላል። የቀረውን ለመሙላት በየረድፉ 26 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ከየብሎኬቱም 14 ሳንቲ ሜትር ይጣላል። ፕላኑ 5.73 ወይም 6.14 ሜትር ተብሎ ቢታቀድ ኖሮ በዚያ ረድፍ የሚጣል ነገር ባልኖረ ነበር።

3. ለምርጫ የሚቀርቡት ዓይነቶች

ሀ/ የተተኮሰ ሸክላ ጡብ፦ አንዱ 3 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን በአንድ እጅ ይያዛል፤ ዝናብንም ይችላል። ይሁን እንጂ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግድግዳ በካሬ ሜትር 55፣ ለ25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ደግሞ 110 ጡብ ይፈልጋል። መተኮሻው ብዙ ማገዶ ስለሚፈጅ ደኑን ለማዳን ተብሎ የተጀመረ ሥራ ተመልሶ ደኑን የሚጎዳ ይሆናል።

ለ/ የስሚንቶ ብሎኬት፦ ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወርዱ 20፣ 15 ወይም 10 ይሆናል። እንደተለመደው ባለ 20ው ለውጭ ግድግዳ፣ ባለ 15ቱ ለመከፋፈያ ያገለግላል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ምክንያት አሠራሩ በየከተማው ተስፋፍቷል። በካሬ ሜትር 12 ያህል ብቻ ስለሚበቃ ሥራው ፈጣን ነው። ነገር ግን አንዱ እንደ ጠጠሩ ዓይነት ከ12 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስሚንቶውም ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነም እንደ ወፍራም የአፈር ግድግዳ ሙቀትን አያከማችም።

ሐ/ የተጨመቀ የአፈር ጡብ፦ ከላይ የተጠቀሰው ባለ 29 በ14 በ9 ሲሆን 7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከአፈሩ ክብደት 6 በመቶ ያህል ስሚንቶ ሲገባበት እርጥበትን ይቋቋማል። ለ14 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ በካሬ ሜትር 33፣ ለ29 ሳንቲ ሜትር 67 ያህል ያስፈልጋል።

መ/ የጭቃ ጡብ፦ አፈር ከጭድ ጋር ተቦክቶ በእንጨት ፎርማ ወጥቶ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። መጠኑ እንደ ፎርማው ነው። ስሚንቶ አይፈልግም፤ ነገር ግን ከሥር በሚመጣ እርጥበትና በሚፈናጠር የዝናብ ውሃ ይጎዳል።

4. ከግድግዳው ውፍረት መነሳት

ምርጫው የሚጀመረው ግድግዳው ምን ያህል መወፈር እንዳለበት በመወሰን ነው። ለአፈር ግድግዳ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው መመሪያ የግድግዳው ከፍታ ከውፍረቱ ስምንት እጥፍ እንዳይበልጥ፣ በሁለት ተሻጋሪ ግድግዳዎች ወይም ደጋፊ ዓምዶች መካከል ያለው ርዝመትም ከውፍረቱ አሥር እጥፍ እንዳይበልጥ ያዛል። የበርና የመስኮት ስፋት ከ1.20 ሜትር፣ ድምራቸውም ከግድግዳው ርዝመት ሲሶ መብለጥ የለበትም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የመሬት መንቀጥቀጥን በማሰብ ነው። በ1970 (እ.ኤ.አ.) በፔሩ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የአፈር ጡብ ቤቶች በብዛት ፈርሰው እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ባሌም ከስምጥ ሸለቆ በእጅጉ የራቀ ስላልሆነ መመሪያውን እንደ ትርፍ ጥንቃቄ መቁጠር አይገባም።

በዚህ ደንብ መሠረት 14 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ከ1.12 ሜትር በላይ መቆም የለበትም፤ ይህም ለቤት አይበቃም። 29 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግን እስከ 2.32 ሜትር ይፈቀዳል። በ10 ሳንቲ ሜትር ረድፍ 23 ረድፍ ሲገነባ 2.30 ሜትር ስለሚሆን ለመኖሪያ ቤት በቂ ነው። በሌላ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወፍር የአፈር ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ቀስ ብሎ ተቀብሎ ሌሊት ወደ ውስጥ ይመልሳል። የጽናቱም የሙቀቱም መስፈርት ወደ አንድ ውፍረት ያመራል ማለት ነው፤ እርሱም 29 ሳንቲ ሜትር ነው። በጡብ ቁጠባ ሰበብ ውፍረቱን በግማሽ መቀነስ ግድግዳውንም ቤተሰቡንም ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል።

5. አፈሩና የሠራተኛው እጅ

በሮቤና በሲናና ሜዳ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በመሆኑም ለጡብም ሆነ ለመሠረት አይመችም። ጡቡ በተተለቀ ቁጥር ሲደርቅ የሚደርስበት መሸማቀቅና መሰንጠቅ ይበልጥ ስለሚጎላ፣ በዋልካ ትልቅ ጡብ መሥራት በተለይ መወገድ ያለበት ነው። ቀይ አፈር ካለበት ተዳፋት ቆፍሮ ማምጣት ይሻላል።

የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ ቤተ ሙከራ የግድ አያስፈልግም። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ተዘጋጅቶ እርጥብ አፈር ይሞላበትና በጥላ ሥር ይደርቃል። ሲደርቅ ያጠረው 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አፈሩ ለተጨመቀ ጡብ ይስማማል። እጥረቱ ከዚህ በጨመረ መጠን አሸዋ መቀላቀል ወይም ስሚንቶውን መጨመር ያስፈልጋል፤ ወደ 5 እና 6 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ሌላ አፈር መፈለግ ይበጃል። የውሃው ልክ ደግሞ እንዲህ ይፈተናል። አንድ ጭብጥ አፈር ተድቦልቡሎ ከአንድ ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፤ ጥቂት ቦታ ላይ ከተሰነጠረ ልኩ ነው፤ ከተበታተነ ደርቋል፤ ከተለጠጠ ውሃው በዝቷል።

ቀጥሎ የሚታሰበው የሠራተኛው እጅ ነው። በሰፈራ መንደር ጡብ የሚያመርተውና የሚያመላልሰው ሙያተኛ ግንበኛ ሳይሆን ራሱ ሰፋሪው ነው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶችና በምግብ እጥረት የተዳከሙ ሰዎች ናቸው። አንድ ጡብ ከፎርማ ወጥቶ ግድግዳ ላይ እስኪያርፍ ቢያንስ አራት ጊዜ ይነሳል፤ ከፎርማ ወደ ማድረቂያ፣ ከማድረቂያ ወደ ክምር፣ ከክምር ወደ ሥራው ቦታ፣ ከዚያም ወደ ረድፉ። 7 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ጡብ ሁሉም ሊያነሳው ይችላል። 13 ኪሎ ግራም የሚመዝን ለሁለት እጅ የሚበቃ ሸክም ነው። 20 ኪሎ ግራም የሚደርስ ግን ሥራውን ለጎልማሶች ብቻ ይተወዋል፤ ሌላው ቤተሰብ ተመልካች ይሆናል። በመንገድ ላይ የሚሰባበረውም ትልቁና ከባዱ ነው።

6. የወቅቱ ስሌት

በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ የሠራ ባለሙያ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ለግንባታ ነው ብሎ ያስባል። በባሌ ደጋ ይህ አይሠራም። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ሰኔ ገደማ፣ ሁለተኛው ከሐምሌ መጨረሻና ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የአካባቢው ገበሬ የመጀመሪያውን የእርሻ ወቅት በኦሮምኛ «ገንና»፣ ሁለተኛውን «ቦና» ይለዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሌሎች የኦሮሚያ አካባቢዎች «ቦና» የሚባለው ደረቁ ወቅት ስለሆነ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ኃላፊ «በቦና ጡብ እንሥራ» የሚል ዕቅድ ቢያወጣ በዝናብ መካከል ጡብ ያሰጣል። በተጨማሪም የቦና ሰብል የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አንዳንዴም እስከ ጥር ስለሆነ የጉልበቱ እጥረት በዚያ ጊዜ ይበረታል።

ስለዚህ ለጡብ ሥራ አስተማማኝ የሆነው ጊዜ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው 90 ቀን ነው። የመጨረሻው ጡብ እንዲጠነክር 28 ቀን ይቀነስለታል። ከቀረው ላይ የገና፣ የጥምቀት፣ የእሑድና የዓርብ ጸሎት እንዲሁም የገበያ ቀን ሲታሰብ ለማምረት የሚቀረው 50 የሥራ ቀን ያህል ነው። የጡብ መጠን ምርጫ በእነዚህ 50 ቀናት ይመዘናል።

50 አባወራ የሚሰፍርበት መንደር እንደ ምሳሌ ይወሰድ። የእያንዳንዱ ቤት የውጭ ልክ 5.99 በ4.19 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 2.30 ሜትር፣ ውፍረቱ 29 ሳንቲ ሜትር ነው። በመካከሉ አንድ ተሻጋሪ ግድግዳ፣ በሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች ላይ አንዳንድ ደጋፊ ዓምድ፣ 91 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የውጭና የውስጥ በሮች፣ 61 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች አሉት። ከግድግዳው በላይ ያለው የጣሪያ ሦስት ማዕዘን በቀላል እንጨትና በቆርቆሮ ይዘጋል። ሙሉው ግድግዳ በባለ 29 በ14 በ9 የተጨመቀ ጡብ ቢሠራ፣ ለስብራት 10 በመቶ ተጨምሮ አንዱ ቤት 3,600 ጡብ፣ መንደሩ 180,000 ጡብ ይፈልጋል።

አንድ መጭመቂያ ተስማምቶ በሚሠራ ቡድን በቀን 300 ጡብ ያህል ቢያወጣ፣ በ50 ቀን 15,000 ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን በአንድ ወቅት ለመጨረስ 12 መጭመቂያ ያስፈልጋል። ለጡቡ የሚገባው ስሚንቶ ደግሞ ወደ 720 ኩንታል ይደርሳል። አራት መጭመቂያ ብቻ ቢገኝ በዚያ ወቅት የሚጠናቀቀው የ16 ቤት ጡብ ነው፤ 34 ቤተሰብ በልግን በሸራ ሥር ያሳልፋል ማለት ነው።

መፍትሔው የሚገኘው ልኩን ባለመለወጥ ነው። ውሃና እርጥበት ይበልጥ የሚያጠቁት የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ነው፤ የጣሪያው ሸክም የሚያርፈው ደግሞ በመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። እንግዲህ የታችኞቹ ስድስት ረድፎችና የላይኛው አንድ ረድፍ ብቻ በስሚንቶ በተጠናከረ የተጨመቀ ጡብ ይገነባሉ። በመካከል ያሉት 16 ረድፎች በእንጨት ፎርማ በወጣ ባለ 29 በ29 በ9 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን የጭቃ ጡብ ይሠራሉ። ለማዕዘንና ለማቆራረጫ የሚሆን 29 በ14 የሆነ ግማሽ ፎርማም ይዘጋጃል። ሁለቱ ዓይነቶች ውፍረታቸው፣ የረድፋቸው ከፍታና ልካቸው አንድ ስለሆነ ያለ ቁርጥራጭ ይጋጠማሉ።

በዚህ አሠራር የተጨመቀው ጡብ ወደ 55,000 ዝቅ ስለሚል አራቱ መጭመቂያዎች ያደርሱታል። ስሚንቶውም ከ720 ወደ 220 ኩንታል ይወርዳል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚሠራው የጭቃ ጡብ 1,250 ያህል ነው፤ ለ50 ቀን ሲካፈል በቀን 25 ማለት ነው። ይህን አንድ ቤተሰብ ከመኸሩ ሥራ ጎን ለጎን ሊወጣው ይችላል። የአንዱ ጡብ ክብደት 13 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ ቤተሰቡ ጡቡን በቤቱ መሥሪያ ቦታ ላይ እንዲያመርተው ማድረግ ሸክሙን ያቃልላል።

በቆላው ወረዳዎች የሚሰፍሩትን በሚመለከት ልኩ ሳይለወጥ ወቅቱና ጥንቃቄው ይለወጣል። በዚያ ከደረቁ የታኅሣሥ ወራት ሌላ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውም ጊዜ በአብዛኛው ደረቅ በመሆኑ ለጡብ ሥራ ሁለት ዕድል ይገኛል። ወፍራሙ ግድግዳ በደጋ ብርድን እንደሚመክት በቆላ የቀኑን ሐሩር ያዘገያል። የእንጨት ክፍሎች ግን ከምስጥ እንዲጠበቁ ከመሬት መራቅ አለባቸው።

7. በሥራው ላይ ሊጠበቁ የሚገባቸው

ሀ/ የእያንዳንዱ ፎርማ የውስጥ ልክ በየሳምንቱ ይለካ። እንጨቱ ሲያብጥ ወይም ጠርዙ ሲበላ ጡቡ ይለዋወጣል። በአንድ ጡብ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢዛነፍ በ20 ጡብ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ለ/ ጭቃ በሚደርቅበት ጊዜ ስለሚያጥር ፎርማው ከሚፈለገው ጡብ ትንሽ መብለጥ አለበት። የትርፉ መጠን አስቀድሞ በተሠሩ አሥር የሙከራ ጡቦች ይወሰን።

ሐ/ ስሚንቶ ያለበት ጡብ በመጀመሪያው ሳምንት በጥላ ሥር ተሸፍኖ ውሃ ይርከፈከፍበት። የጭቃው ጡብ ለጥቂት ቀን በጠፍጣፋው ከቆየ በኋላ በጎኑ ቆሞ ይድረቅ፤ ሌሊት በጭድ ይሸፈን። ውርጭ የያዘው እርጥብ ጡብ ጠርዙ ይረግፋል።

መ/ ከአራት ሳምንት በኋላ ከየክምሩ ጥቂት የጭቃ ጡቦች ተመርጠው ጫፍና ጫፋቸው በሁለት ድጋፎች ላይ ይቀመጡ፤ አንድ ሰው በመካከል ይቁምባቸው። ከተሰበሩ የክምሩ ጡብ ለግድግዳ አይውልም፤ አፈሩና ጭዱ እንደገና ይመርመር። የስንዴና የገብስ ጭድ ከጤፍ ጭድ ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ተከትክቶ ይግባ።

ሠ/ መሠረቱ በባሌ በብዛት በሚገኘው ጥቁር ድንጋይ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት፣ ከዋልካው መሰንጠቂያ በታች ወርዶ፣ ከመሬት በላይ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገንባ። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ።

ረ/ የሞርታሩ ጥንካሬ ከጡቡ እንዳይበልጥ ይደረግ። ለጭቃ ጡብ የሚስማማው ያው ጡቡ የተሠራበት አፈር ነው። መጋጠሚያዎቹ ከላይና ከታች በአንድ መስመር እንዳይውሉ፣ እያንዳንዱም ረድፍ በሲባጎ፣ በውሃ ልክና በቱንቢ እንዲታይ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የጡብ መጠን የመምረጥ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የግድግዳው ውፍረት ከከፍታውና ከአየር ጠባዩ ይወሰናል። ቀጥሎ ውፍረቱን ሳይቆረጥ የሚሞላ፣ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍና አንድ መጋጠሚያ የሆነ ጡብ ይፈለጋል። ከዚያም አፈሩ ይፈተናል፤ ክብደቱ ከሚያነሱት ሰዎች አቅም ጋር ይነጻጸራል። በመጨረሻም የጡቡ ብዛት ለደረቁ ወቅት የሥራ ቀናት ይካፈላል። ከዚህ በኋላ ብቻ ፎርማ ይታዘዛል፤ ስሚንቶ ይጠየቃል፤ የቤቱም ፕላን በጡቡ ልክ ይነደፋል።

በሮቤና በጎባ ደጋ ሁኔታ ይህ ቅደም ተከተል ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ልክ ያደርሳል። ልኩ ግን በሌላ ቦታ እንዳለ የሚገለበጥ አይደለም፤ የሚወሰደው የአሠራሩ ሥርዓት ነው። በኅዳር ወር ስሌቱን በወረቀት ላይ የጨረሰ የሰፈራ ጽሕፈት ቤት በየካቲት መጨረሻ የደረቀ ጡብ በእጁ ይገኛል። ስሌቱን በጥር የጀመረ ግን በመጋቢት ዝናብ ሥር የሚሟሟ ክምር ይጠብቀዋል፤ ጉዳቱንም የሚሸከመው በሸራ ሥር ያለው ቤተሰብ ነው።